ቃሌን የወሰደው ስክሪን

መስከረም 22 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለስክሪን ሠሪው፤

ከባንኮኒዬ ያስነሣኸኝ አንተ ነህ። ሥራ አስኪያጁ አይደለም፣ ዘመኑም አይደለም፤ አንተ ነህ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሰላምታ ሲረዝም ዋናው ነገር ስለሚጠፋ ነው። እንግዲህ እንደ ወጉ፤ እንደምን ከርመሃል? ሚስትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? ፈጣሪ ከበሽታም ከጠላትም ይጠብቃችሁ። እኔ አለሁ። እናትህም አለች፤ ጆሮዋ ያው ነው፣ ዓይኗን የጋረዳት ሞራም ያው ነው።

ትናንት ጠዋት ምግብ ቤት ስገባ ከበሩ ትይዩ አራት ስክሪኖች ተገትረው አገኘሁ። ከሰው ይረዝማሉ። የተጠቀለሉበት ላስቲክ ገና ከወለሉ አልተነሣም ነበር፤ እሱን እኔ ጠረግኩት። ሥራ አስኪያጁ እጁን እያፋተገ መጣና፣ «እማማ፣ እርስዎ ይመርቁት እንጂ» ብሎ ጣቴን ይዞ አስነካኝ። በራ። ከዚያ በልጅ እግር ሴት ድምፅ፣ «ዛሬስ ሆድዎ ምን አለ?» አለኝ።

ክው አልኩ። በርገሩን ነካሁት፤ ሥዕል ነው፣ ማንበብ አያሻውም። «ድንች ያጅበው?» አለችኝ። እምቢታውን ስነካ፣ «ተዉ እንጂ፣ ብቻውን ሲሄድ ያሳዝናል» አለችኝ። ከመጥበሻው ወዲያ ያሉት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ጠባሽ፣ «እማማ፣ ሳንሰማ ልጅ ወልደዋል ለካ» አለ።

ያ ቃል ከየት እንደመጣ አንተ ታውቃለህ። ዓምና በዚሁ ወር፣ «አክስቴ፣ ወግዎ ናፍቆኛል። ሰው ወደ ባንኮኒው ሲመጣ ምን እንደሚሉት፣ ሲያመነታ እንዴት እንደሚያግባቡት፣ አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ» አልከኝ። እኔ ሞኟ እውነት ናፍቆት መስሎኝ። በዕድሜዬ ጻፊልኝ ብሎ የለመነኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ሁለት ደብተር ጨረስኩ። ለአዛውንት የምለውን፣ ተኳርፈው ለሚመጡ ባልና ሚስት የምለውን፣ ብቻውን መብላት ለሚያፍር ሰው የምለውን ሁሉ ጻፍኩልህ። ጣቴ አብጦ ነበር። እናትህ፣ «ለማን ነው እንዲህ ዳገት እንደሚወጣ በሬ የምታለከልኪው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ለልጅሽ ነው አልኳት።

እኔ እኮ በዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ወለል ነው የወለወልኩት። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ ከባንኮኒው በላይ ከተሰቀለው የምግብ ዝርዝር ላይ ነው፤ መወልወያዬን ተደግፌ። ትዕዛዝ መጻፍ ስችል መወልወያውን ተቀብለው ባንኮኒው ላይ አቆሙኝ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመቴ ነው። አሁን ሥራ አስኪያጁ፣ «ለጊዜው ከስክሪኑ ጎን ቆመው ሰው ያለማምዱ» ብሎኛል። ለጊዜው ማለት ምን ያህል እንደሆነ አንተው ንገረኝ።

እናትህ ጉንጭህን ስማሃለች።

አክስትህ

*

ጥቅምት 30 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ለእርስዎም ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ደብዳቤዎ አሳዝኖኛል፤ ግን በእርስዎ ኮርቻለሁም። ድርጅታችን የባንኮኒ ሠራተኞችን አነጋገር ከብዙ ቦታ ሰብስቦ ነበር። ከሁሉም የተመረጠው የእርስዎ ነው። አለቆቼ «ይህች ሴት ማን ናት?» ብለው ጠይቀውኛል። ሙከራው በእርስዎ ምግብ ቤት እንዲጀመር ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ቃልዎን ከስክሪን ሲሰሙት ደስ ይልዎታል ብዬ እንጂ እንዲህ ይቀየሙኛል ብዬ አልነበረም።

ናፍቆኛል ያልኩትም ውሸት አልነበረም። ደብተሮችዎን ሳነብ ስቄአለሁ።

አክስቴ፣ ስክሪኑ ሰውን ያሳርፋል እንጂ አያፈናቅልም። እግርዎ እንደሚያብጥ ራስዎ ጽፈውልኛል። ሥራው ይቀልልዎታል፤ ትንሽ ይታገሡ።

እናቴን ሐኪም ቤት ወስደው ዓይኗን ያሳዩልኝ። ስልክ ላይ እንዳላነጋግራት ጆሮዋ እምቢ ብሏል፣ ከእርስዎ በቀር ሌላ መንገድ የለኝም። ይህን ለእሷ ያንብቡላት፦ «እናቴ፣ ሁልጊዜ በልቤ ነሽ። ዘንድሮም መምጣት አይመቸኝም። ጤናሽን ጠብቂልኝ።»

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

*

ኅዳር 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

የላክህልኝን ምርቃት ፈጣሪ እጥፍ አድርጎ ይመልስልህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። እናትህን ሐኪም አየልኝ፤ «በዚህ ዕድሜ ባይነካ ይሻላል» አለ። የጻፍክላትን ጆሮዋ ላይ አፌን ደቅኜ አሰማኋት። ቀኑን ሙሉ ፊቷ በርቶ ዋለ። እንዲህ በይልኝ ብላለች፦ «ቃልህን እንዳትበላ። ክረምቱ ሳይገባ እጠብቅሃለሁ።»

ኩራቱ ይቅርብኝ። በገዛ ጣቴ ዓይኔን እንደወጋሁ እንጂ እንደተመረጥኩ አልቆጥረውም።

አሁን ሥራዬ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ስክሪን መሀል እቆማለሁ። ሰው ሲደናገር ጣቴን ዘርግቼ አሳያለሁ። ሥራ አስኪያጁ በየደቂቃው ከኋላዬ ብቅ ይልና፣ «እማማ፣ ያሳዩ እንጂ አያውሩ» ይለኛል። ያለፈው ሳምንት ደግሞ ወለሉ ላይ ቢጫ ቴፕ ለጠፈልኝ፤ ከእሱ አልፌ እንዳልቀርብ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ መስመር ተሰመረልኝ።

ስለ ጡረተኛው ሾፌር ጽፌልህ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሚመጣው። «ዛሬስ ሆድህ ምን አለ?» እለዋለሁ። «ሆዴማ ዝም ብሏል፤ አንቺ ጠይቂው እንጂ እኔን አይሰማኝም» ይለኛል። «ድንች ነው ያለኝ» እለዋለሁ። «ቀጣፊ ነው፣ ትናንትም ድንች ብሎ ነበር» ይላል። ይኸው ነው። ይህን ተባብለን ድንቹን ይዞ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። አንድ ቀን፣ «ካንቺ ሌላ በቀን ውስጥ አንድ ቃል የሚለኝ ሰው የለም፤ ራዲዮኑም ተበላሽቷል» ብሎኛል።

ስክሪኖቹ በመጡ በማግስቱ መጣ። ባንኮኒው ባዶ ነው። ግራ ገብቶት ስክሪኑ ፊት ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። «ዛሬስ ሆድዎ ምን አለ?» አለችው ልጅቷ። «ደህና ነኝ፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» አላት። መልስ ሲያጣ ጠበቀ። ከኋላው የተሰለፈ ጎረምሳ፣ «አባባ፣ ይነካል እንጂ አይወራም» አለው። ሰዉ ሳቀ። ከቆምኩበት ሄጄ ድንቹን ነካሁለት። ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት ገሠጸኝ፤ ሾፌሩ ባርኔጣውን አጥልቆ ድንቹን ሳይወስድ ወጣ።

ገንዘብ አልለምንህም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ስክሪኖቹ ከገቡ በኋላ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ሪፖርት የምትጽፈው አንተ እንደሆንክ ሥራ አስኪያጁ ነግሮኛል፤ «የእህትዎ ልጅ ካለ አለ ነው» ብሎኛል። ባንኮኒው ላይ አንድ ሰው ይቅር ብለህ ጻፍ። አንድ መስመር ናት። እኔ ሁለት ደብተር ጽፌልሃለሁ።

አክስትህ

*

ጥር 25 ቀን

ለውድ አክስቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ቸሩ ፈጣሪ ባሉበት ይጠብቅዎ። ይህን ያህል ሳልጽፍ መቆየቴ ከመናቅ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

ሪፖርቱን ልኬአለሁ። ዝምድና ላስገባበት የምችል ወረቀት አይደለም፤ ብሞክር እንጀራዬን አጣለሁ። ቁጥሩ እንዲህ ነው፦ ባንኮኒው ላይ አንድ ደንበኛ በአማካይ አራት ደቂቃ ይቆማል፣ ስክሪኑ ጋ አንድ ደቂቃ ተኩል። ከአራቱ ደቂቃ ውስጥ ትዕዛዝ የሚባለው አንዱ ብቻ ነው። የቀረው ወሬ ነው። እኔ ይህን ብቻ ጻፍኩ፤ የማንንም ስም አላነሣሁም።

አንድ ውለታ ልጠይቅዎ። አንዳንድ ደንበኞች ስክሪኑ ጋ ደርሰው ምንም ሳያዙ ይመለሳሉ። እርስዎ ቅርባቸው ነዎት። ሲመለሱ ምን እንደሚሉ ቢጽፉልኝ ልጅቷን እናሻሽላታለን። እንደ እርስዎ አድርጎ የሚያስተውል ሰው አላገኘንም።

ሌላው የእናቴ ነገር ነው። «ቃልህን እንዳትበላ» ያለችው አልገባኝም። እመጣለሁ ብዬ አላውቅም። የድሮ ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ አየኋቸው፤ በየዓመቱ እናቴ «እጠብቅሃለሁ» ትላለች። እኔ ግን በየዓመቱ የጻፍኩት አይመቸኝም እያልኩ ነው። አክስቴ፣ ምን ብለው ነው የሚያነቡላት?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

*

የካቲት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን፤ የጎደለህ ካለ ፈጣሪ ይሙላልህ።

ሪፖርትህ ሥራውን ሠርቷል። የወር መጨረሻ ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስጠራኝ። «እማማ፣ ሰዉ ለመደው እኮ። በእርስዎ ጉብዝና ነው» አለኝ። «ታዲያ ጉብዝናዬን ይዤ የት ልሂድ?» አልኩት። «ቤትዎ ነዋ» አለ፤ ደግ የተናገረ መስሎት። መስተዋት የገባለት የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ዕድሜ ለፊደል፣ ራሴ አነበብኩት። አሁን ባንኮኒው ተነቅሏል፤ በቦታው አምስተኛ ስክሪን ተተክሎበታል።

አራት ደቂቃ አልክ። ልክ ነህ፤ ትዕዛዙ አንዱ ብቻ ነው። ሦስቱን ምን አደረግካቸው? አንድ ደቂቃ ተኩል በልቶ የወጣው ሰው የቀረውን ይዞ የት ነው የሚሄደው? ይህን ግን ማንም አይለካም።

ሲመለሱ ምን ይላሉ ላልከው፣ አንድ ብቻ ልጻፍልህ፤ ከዚያ በላይ የለህም። አንዲት እርጉዝ ሴት ዙሪያውን አየችና፣ «ማንም የለም እንዴ?» ብላ ወጣች። እኔ ከቴፑ ወዲህ ቆሜ ነበር። ይህን ለልጅቷ አስጠናት።

ይልቅ የሚያስደስትህን ልንገርህ። ማክሰኞ ዕለት መንገድ ላይ ሾፌሩን አገኘሁት። አኩርፎ የቀረ መስሎኝ ሳዝንለት ነው የከረምኩት። ከዚያ ቤት ሲወጣ ነው ያገኘሁት፤ ድንቹን ይዟል። «ለመድከው?» አልኩት። ፈገግ አለ። «ያቺ ልጅ ደግ ናት» አለኝ። «የምትይውን ሁሉ ትላለች። አንቺ አንዳንድ ቀን ይከፋሽ ነበር፣ ስትቸኩዪ ትቆጪም ነበር። እሷ አትቆጣም።» ከዚያ ድንች ዘረጋልኝ። ወሰድኩ፤ ምን ላድርግ። ቀዝቅዞ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ አይመቸኝም ብለህ ስትጽፍ፣ እኔ ለከርሞ እመጣለሁ ብሏል እያልኩ አነበብኩላት። «ጤናሽን ጠብቂ» ብለህ ስትዘጋ፣ እኔ «እጅሽ ናፍቆኛል» ጨመርኩበት። አንተ ሦስት መስመር ትልካለህ፤ እሷ የምትሰማው አንድ ገጽ ነው። ከዚያ በፊት፣ የመጀመሪያውን ዓመት እንዳለ ነበር ያነበብኩላት። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ በኋላ አስተውዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንተስ አስተዋይ ነዎት ብለኸኝ የለ?

በዓመቱ ትረሳዋለች ብዬ ነበር። አልረሳችም። እኔም ማቆሚያው ጠፋኝ።

አክስትህ

*

መጋቢት 20 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሥራዎ አዝናለሁ፤ ከልቤ ነው።

ስለ እናቴ ግን ዝም ማለት አልችልም። ሰባት ዓመት እኔ ባልገባሁት ቃል ደጅ ደጁን ስታይ ኖራለች። እኔ ሳላውቅ ቃል የማይጠብቅ ልጅ አደረጉኝ። በጎ አስበው እንደሆነ አልክድም፤ ግን ማን ፈቀደልዎ?

ከሥራ ባልደረባዬ ጋር አንድ ሳጥን ልኬአለሁ። ውስጡ ታብሌትና የጆሮ ማዳመጫ አለ። ማዳመጫው ጆሮዋ ለደከመ ሰው የተሠራ ነው። እኔ ከዚህ ስጽፍ እዚያ ይደርሳል፤ ሰማያዊውን ክብ ሲነኩት ቃል በቃል ያነብላታል። ዓይኗ ስለማያይ ክቡን የሚነካላት ሰው ያስፈልጋል። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ ይንኩላት። ሌላ ምንም አልጠይቅዎም። ለእርስዎም ዕረፍት ነው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጭኜዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ

*

ግንቦት 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ብዬሃለሁ። ምርቃቱን ሌላ ይመርቅህ።

ሳጥንህ ደረሰ፤ እንዳልከው አደረግኩ። እናትህን ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ማዳመጫውን ለእሷ ከማድረጌ በፊት ለራሴ አድርጌ ሞከርኩት። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት፤ ያቺው ልጅ ናት። ድንች ያጅበው የምትለው። ቤቴ ድረስ መጣች።

አውጥቼ ልወረውረው ነበር። ግን እናትህ፣ «ምንድን ነው? ከልጄ ነው?» ብላ እጇን ዘረጋች። ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት፤ ክቡን ነካሁት።

መጀመሪያ ሳቀች። «ይሰማኛል» አለች። «አንቺ፣ ይሰማኛል እኮ፤ ጥርት ያለ ነው።» እጄን ያዘችኝ። ስንት ዓመት ጆሮዋ ላይ እየጮህኩ ጉሮሮዬ የደረቀውን አስብ። ከዚያ እጄን ለቀቀች። እየሰማች ፊቷ ቀስ እያለ ጠፋ። ሲያልቅ፣ «ድገሚው» አለችኝ። ነካሁት። «ድገሚው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ሰማችው። የጻፍከውን ታውቀዋለህ፤ «ዘንድሮም ለከርሞም መምጣት አልችልም፣ ቃልም ገብቼልሽ አላውቅም፣ እስከ ዛሬ የሰማሽው የአክስቴ ፈጠራ ነው።» ፈጠራ። ከኔ ደብተር የወሰድከው ምን ነበረ ታዲያ?

ማዳመጫውን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በአንተ ታዝናለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን ወደኔ አዞረች። «እሱስ አልዋሸኝም» አለች።

«እህቴ፣ እህል እንኳ እምቢ ብለሽ ነበር እኮ» ብዬ ጆሮዋ ላይ ስጠጋ፣ በመዳፏ ጆሮዋን ከደነችው። ታናሽዋ ነኝ፤ ስትሞት የምቀብራት እኔ ነኝ። በመዳፏ ከደነችብኝ።

እነሆ አምስት ሳምንት ሆነ። አፌን ወደ ጆሮዋ አታስጠጋም። ምግብ ስሰጣት ትቀበላለች፣ ውኃ ስሰጣት ትቀበላለች። ላናግራት ስል መዳፏን ታነሣለች። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጅቷን አምጪያት።» አመጣላታለሁ። ክቡን እነካላታለሁ። ከዚያ አንድ ደብዳቤ በቀር ሌላ አልላክህም፤ ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። ያንኑ ነው በየቀኑ የምትሰማው፣ አልመጣም የሚለውን። አንዳንዴ ከንፈሯ አብሮ ይነቃነቃል፤ በቃሏ ይዛዋለች። እኔ ጎኗ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲያልቅ፣ «ድገሚው» ትለኛለች።

ቴፑ ብቻ ነው የቀረው። እሱን ብትልክልኝ ወለሉ ላይ ራሴ እለጥፈው ነበር።

ኃጢአት መሥራቴን አውቃለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። አሁን የማደርገውም ጉዳቱ ባንተ ሳይሆን በእሷ እንደሚብስ አውቃለሁ። አስቤበታለሁ፤ ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ምናልባት ነገ መዳፏን ታወርዳለች ብዬ ሰኞን ጠበቅኩ፣ ማክሰኞን ጠበቅኩ። ዛሬ ጠዋት ክቡን ነክቼ ልሄድ ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ። ልታናግረኝ መሰለኝና ጎንበስ አልኩላት። «ድምፁን ጨምሪልኝ» አለችኝ።

ጨመርኩላት። የመጨረሻው እሱ ነበር።

ሳጥኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሌላ ደብዳቤ ብትልክበት ማንም አይሰማውም። በወረቀት ብትልክ አላነብላትም፤ የእሷንም ቃል አልጽፍልህም። ይህ ከእኔ የሚደርስህ የመጨረሻ ወረቀት ነው። ገና ካሁኑ፣ «ልጄ ምነው ዝም አለ?» ብላ ጠይቃኛለች። ድሮ ቢሆን ሥራ በዝቶበት ነው እላት ነበር፣ አሞት ነው እላት ነበር፣ መንገድ ላይ ነው እላት ነበር።

ከእንግዲህ ስለ አንተ አልዋሽም።

አክስትህ